ለራሳቸው ደኅንነት ሲባል

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ የደም ግፊቴን በየቀኑ እየለካሁ እንድጽፍ ስላዘዘኝ ይህን ደብተር ገዛሁ። የሰው ግፊት ስለካ ዕድሜዬን የጨረስኩ ነርስ፣ በጡረታዬ ደግሞ የራሴን ልለካ። ዛሬ ደህና ነው። ቁጥር ብቻ ጽፎ መዝጋት ግን ደስ አይልም፤ ቀሪው ገጽ ባዶውን ያሳዝናል።

ውርጩ ጀምሯል። ጠዋት ጎመኑ ነጭ ለብሶ አደረ። ረፋድ ላይ ግን ፀሐይዋ ግድግዳው ጋ ስትደርስ ወንበሬን አወጣሁና ጀርባዬን ሰጥቼ የባቄላ እሸት ስፈለፍል ቆየሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ክፉ ነው የሚሉ ሰዎች ፀሐይዋን ተቀምጠው አልሞቋትም።

የጓሮ ክፍሎቼ ሁሉም ተከራይተዋል። ዓወልና ሚስቱ ዩምና ከገቡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አገራቸው ሀላባ ነው። እሱ ፋብሪካ ይሠራል፤ እሷ የማታ ኮሌጅ አካውንቲንግ ትማራለች፣ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ክፍል በሌላት ቀን የእነሱ ቤት አምፖል ስለሚደክም እኔ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ታጠናለች። እኔ ሹራቤን እሠራለሁ፣ እሷ ቁጥሯን ትደምራለች፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቃል ሳንለዋወጥ እንቀመጣለን። አምፖሉን መቀየር አቅቶኝ አይደለም።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ኪዳኔ ምሳ መጣ። ሙሉ ስሙ ወልደኪዳን ነው፤ የታናሽ እህቴ የማርያማዊት ልጅ። እናቱ አንኮበር ናት፤ እሱ እዚህ ባጃጅ እየነዳ እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ ይበላል። አልወለድኩም፤ ለእኔ ልጅ ማለት እሱ ነው። ሲጎርስ ማየት ብቻውን ያጠግባል።

ፋብሪካው ዘንድሮም አልቀጠረውም። «ፋብሪካው የተሠራው ለመጤ ነው፤ ለአገሬው ጭሱ ብቻ ነው የደረሰው» አለ። ቀጥሎ ዓወል ጓሮ ሆኖ ከአገሩ ሰዎች ጋር በስልክ ሲያወራ የሚሰማውን ንግግር እያስመሰለ ቀዳው። ልጁ ሲቀዳ ይችልበታል። ሳቅሁ። ኋላ ላይ «ዝም ብለህ ብላ፤ ሰው ይሰማሃል» አልኩት። መጀመሪያ ግን ሳቅሁ።

ግፊት ደህና።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

በጥድፊያ ነው። ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን በየደጁ ሲያቃጥል መንገዱ በጭስ ተሞልቶ ነበር። ዓወል ከሥራ ሲመለስ ሰዎች መቱት። ቅንድቡ፣ ጎኑ፣ ግራ ክንዱ። ዩምና ባዶ እግሯን ወጣች። ሆስፒታል ልንሄድ ነው። ግፊት አልለካሁም።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ክንዱ ተሰብሯል፤ በጄሶ ታሥሯል። ቅንድቡን ሰፍተውለታል። የጎድን አጥንቱ ተሰንጥቋል እንጂ ሳንባውን አልነካውም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤት አምጥተን አስተኛነው።

እንዲህ ሆነ ይላል። ከፋብሪካው ወጥቶ በእግሩ ሲመጣ ወንድሙ ደወለለትና በቋንቋቸው እያወራ ሄደ። ከጭሱ ውስጥ አራት ወጣቶች ወጡ። አንዱ «በምን ቋንቋ ነው የምታወራው?» አለው። ሊመልስ ሲል በቡጢ ፊቱን መታው። የቀሩት ሲወድቅ ረገጡት። ኪሱን አልነኩም። ስልኩን አልወሰዱም፤ መሬት ላይ ወንድሙ «ዓወል፣ ዓወል» ሲል ይሰማ ነበር አሉ የጎረቤት ሰዎች። ሰዎቹ ከሰሙ ለምን አልወጡም? ይህንን ለማንም አልጠየቅሁም። እኔም ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር።

ፖሊስ መጥቶ ቃሉን ተቀበለ። ኢንስፔክተሯ ሴት ናት፤ ዝግ ብላ የምትጠይቅ። ፊታቸውን አይተህ እንደሆነ ብላ ጠየቀችው። ዓወል ወደ እኔ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ጣሪያው። «ጭስ ነበር» አላት።

ዩምና በደም የተነከረ የባሏን ሸሚዝ ስታጥብ አመሸች። እጄን ጨምሬ ላጥብ ስል ቀስ ብላ ሳፋውን ወደ ራሷ ሳበች።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾም ገባ። ሽሮ ሠርቼ ጠበቅሁ፤ ኪዳኔ ቀረ። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ መልእክት ላከ። እሑድ ቀርቶ አያውቅም። ይኸ የአየሩ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ያስላል።

ለዓወል አጥሚት ወሰድኩለት። ጠጣው። ወገቡን ደግፌ ሳነሳው «ሲስተር፣ እጅዎ ይቀላል» አለኝ። ይኼ ቃል ቀኑን ሙሉ አስደሰተኝ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ኪዳኔ መሸት ሲል መጣ። ቀኝ እጁ አብጧል። ባጃጁ ተገልብጦ ነው አለ። ጎኑ፣ ጉልበቱ፣ ክርኑ ላይ ጭረት የለም። የተሰበረው ከትንሿ ጣት በታች ያለው አጥንት ነው።

ይህ አጥንት በምን እንደሚሰበር ማንኛዋም ነርስ ታውቃለች።

እንጨት አድርጌ አሠርኩለት። ወተት የለም፣ ጾም ነው፤ ሻይ በማር ሰጠሁት። ሲወጣ በፊት ለፊቱ በር ሳይሆን በጎን በኩል ወጣ።

ባጃጅ ሲገለበጥ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ እንዲያም ሊሰበር ይችላል። ይችላል።

ግፊት ከፍ ብሏል። ጨው አብዝቼ ይሆናል።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

የሰፈሩ የሰላም ኮሚቴ ዛሬ እኔ ሳሎን ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ካሳሁን ናቸው፤ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ የነበሩ፣ ለሰው ደግ የሆኑ፣ ሲናገሩ ግን ስፋት የሚለኩ የሚመስሉ ሰው። ከበላይ አካል ትእዛዝ መጥቷል፤ በማንነት የተነሣ ጥቃት እንዳይደገም እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ደንብ አውጥቶ ያምጣ ተብሏል። ሰፈራችን ግማሹ ተከራይ ነው፤ ከየአቅጣጫው የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ የቢሮ ሰው።

ጋሽ ካሳሁን አርቅቀው መጥተው ነበር። ከሌላ አካባቢ የመጡ ተከራዮች ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ቤታቸው ይግቡ። መንገድ ላይ በስልክ በራሳቸው ቋንቋ ጮክ ብለው አያውሩ። ቤት ሲከራዩ በተቻለ መጠን ተጠጋግተው አንድ አካባቢ ይሁኑ። በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ «ለራሳቸው ደኅንነት ሲባል» የሚል አለበት።

አንዲት ጎረቤቴ ስለ መቺዎቹስ ምን ተጻፈ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ካሳሁን «እሱ የፖሊስ ሥራ ነው፤ እኛ የቤታችንን እናድርግ» አሉ።

ድምፅ ስጡ ሲባል መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ትክክል ነው ብዬ ነው። ሰው በጊዜ ከገባ ማን ያገኘዋል? ምርመራ፣ ክስ፣ ስም መጥራት፣ ይህ ሁሉ ሰፈር ያምሳል። ዝም ሲባል ይበርዳል። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ከብዶኝ የነበረው ነገር ቀለለልኝና ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ለተከራዮቼ እኔው እንድነግራቸው ተወስኗል።

ኅዳር 22፣ እሑድ

አልነገርኳቸውም። ዓወል ሕመሙ ገና ነው። ነገ።

ኪዳኔ መጣ። በግራ እጁ በላ። ዩምና የተዋሰችኝን ወንፊት ልትመልስ ስትገባ ተነሥቶ ቆመ፤ «ቸኩያለሁ» ብሎ ሳይጨርስ ወጣ። ዩምና እጁን አየች። ወንፊቱን አስቀምጣ ሄደች።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ነገርኳት። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ነበር። የደንቡን አንቀጽ አንድ በአንድ አነበብኩላት፤ ድምፄን ለስላሳ አድርጌ፣ ለታማሚ እንደሚነገር።

ዓወል ሲድን ወደ ሥራው ቢመለስም ከፋብሪካ የሚለቁት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ወይ ሥራውን ይተዋል ወይ ደንቡን ይጥሳል። የእሷ ትምህርት የሚጀምረው ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ይህን እኔ ሳላስበው ቀርቼ አይደለም። አስቤው አልፌዋለሁ።

ዩምና መጽሐፏን ከደነች።

«ሲስተር፣ የተመታው እሱ ነው። ቤት የሚዘጋበትም እሱ ነው?»

ለእናንተው ብለን ነው አልኳት።

«የመታው ሰው ዛሬ ማታ የት ይሆናል?» አለች። «እንደ ልቡ መንገድ ላይ አይደለም?»

ደንቡ የተጻፈበትን ወረቀት አጠፍኩት። በሚመጣው ወር ቤቱን ለቀው ወደ ሀላባ እንደሚመለሱ፣ ከዓወል ጋር እንደተነጋገሩ ነገረችኝ። ፈተናዋስ? ይቀራል። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። መጽሐፎቿን ሰብስባ ደካማው አምፖል ወዳለበት ቤቷ ገባች።

ወንበሯ ባዶውን ነው። ሹራቡን ፈትቼ እንደገና ጀመርኩት፤ እጅጌው ጠቦኛል።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ማርያማዊት ገብስ ልትሰጠኝ ቃል ገብታልኝ ስለነበር አንኮበር ወጣሁ። ምን ብዬ እንደምነግራት ሳላውቅ ነው የሄድኩት።

ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ስለ ቆላ ሰዎች ቀልድ ጀመረ፤ ስለ ሃይማኖታቸውም ጨመረበት። መኪናው ሳቀ። ከፊቴ የተቀመጠች ሽርጥ ያገለደመች ነጋዴ ሴት ዘወር ብላ ሹፌሩን እንዲያቆም ጠየቀችው። አቆመ። ሰውየውን እንዲህ አለችው፦

«ወይ ይቅርታ በል፣ ወይ ውረድ። እኔ ሒሳቤን ከፍዬ ነው የተቀመጥኩት፤ አልወርድም።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «እውነቷን ነው» አሉ፤ ከዚያ ሌላ ሰው፤ ከዚያ ሹፌሩ ራሱ። ሰውየው ይቅርታ አለ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ጎረቤላ እስክንደርስ አወራን። ስሟ ፈሂማ ነው፤ ቆላው ዓልዩ አምባ ገበያ ትነግዳለች። አያቷ በገበያው ሰው የሚሰማቸው ሽማግሌ ነበሩ። ገበያ ላይ ሰው በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ከተሰደበ ከገበያው የሚወጣው ተሳዳቢው ነው ይሉ ነበር አለችኝ። የተሰደበው ሰው ዕቃውን ካነሣ ገበያው ፈረሰ ማለት ነው፤ ነገ የሚነሣው የአንተ ነው። ይህን ስትል ከመቀነቷ ቆሎ አውጥታ ሰጠችኝ። ቆሎውን ቆረጠምኩ፤ ነገሩን ግን መዋጥ አልቻልኩም።

አንኮበር ሰማዩ ጠርቶ እስከ አዋሽ በረሃ ድረስ ይታይ ነበር። ገብሱ ታጭዷል። እንዲህ ያለ ቀን አገሬን ሳይ ምንም የጎደለኝ አይመስለኝም። ማርያማዊት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ፤ የልጇን እጅ ጠየቀችኝ። ወድቆ ነው ብሎ በስልክ ነግሯታል። «ወድቆ ነው፣ አይደል እትዬ?» አለችና ዓይኔን አየችኝ። ይድናል አልኳት። የጠየቀችኝ ግን ይድናል ወይ ብላ አልነበረም።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ኪዳኔን አስጠራሁት። እጁን ልፈታና ልየው ብዬ ነው። ፈታሁት። አጥንቱ እየገጠመ ነው። እጁን በእጄ እንደያዝኩ ጠየቅሁት።

«ፊቱን የመታኸው አንተ ነህ?»

ሊስበው ሞከረ፤ አልለቀቅሁትም።

«አንዴ ብቻ ነው እትዬ።»

«ይህ አጥንት የሚሰበረው በአንድ ምት ነው።»

አለቀሰ። ባጃጅ ተራው ላይ ስልክ ለስልክ ሲዞር የነበረ ቪዲዮ አይተው እንደነበር ነገረኝ፤ እነሱ የእኛን ሰው እንዲህ አደረጉ የሚል። ደማቸው ፈልቶ ነበር። እነሱ ማናቸው አልኩት። አላወቀም። ዓወል ነበረበት? አልነበረም። ሀላባ ነበር የተደረገው? የት እንደሆነ አላወቀም። መቼ? አላወቀም። ዓወልን ግን ያውቀዋል። ዓመት ሙሉ በሳምንት አንድ ቀን በአጠገቡ እያለፈ ገብቶ ምሳ በልቷል። አንድ ጊዜ ባጃጁ አልነሣ ሲለው የገፋለት ዓወል ነው።

በእግርህ ሄደህ ካልተናገርክ እኔ እሄዳለሁ አልኩት። አክስትነቴን አስታወሰኝ። አክስት ስለሆንኩ ነው አልኩት። በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

እንደዚህ ጨክኜ መናገሬ ዛሬ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ጠረጴዛው ላይ እየሳቅሁ፣ ትንሽ ጭካኔ ቢኖረኝ ኖሮ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ኪዳኔ ስልክ አያነሣም።

ዓወልና ዩምና ዕቃ ማሰር ጀምረዋል። ዛሬ ደጃቸው ላይ ቆሜ ማየት አልቻልኩም፤ ገባሁና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የመታህ የእህቴ ልጅ ነው፤ ካወቅሁ ሰንብቻለሁ አልኩት።

ዓወል ገመዱን አስቀመጠ።

«አውቃለሁ ሲስተር» አለ። «ያን ጊዜውኑ አውቄዋለሁ። ጭስ ነበር ያልኩት ለእርስዎ ብዬ ነው። ልጅዎ ነው ብዬ።»

ይህን ሲናገር ዩምና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሷም ታውቅ ነበር። ወንፊቱን ስትመልስ፣ አጥሚት ይዤ ስገባ፣ ያን ደንብ ሳነብላት፣ ታውቅ ነበር። እኔ እነሱን እየጠበቅሁ መስሎኝ፣ እነሱ ናቸው እኔን ሲጠብቁ የከረሙት።

ከዚህ በኋላ ለእኔ ብለህ አትዋሽ አልኩት። ዕቃችሁን አታንሡ ማለትም ፈልጌ ነበር። አላልኩም፤ ያን ለማለት መጀመሪያ የምሠራው ሥራ አለ።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ኪዳኔ ነው። ታጥቧል፣ ጥሩ ሸሚዙን ለብሷል። ብላ አልኩት፤ አልበላም። «እትዬ፣ አብረውኝ ይሂዱ» አለ።

በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ ክንዴን ያዘኝ፤ ልጅ ሳለ ገበያ ስወስደው እንደሚይዘኝ። ኢንስፔክተሯ ቃሉን ተቀበለች። የሦስቱን ጓደኞቹን ስምም ተናገረ። ቪዲዮውን አሳያት። እዚያው አቆዩት። ሲለየኝ ባጃጁን ለባለቤቱ እንድመልስለት ቁልፉን ሰጠኝ።

ቤት ስገባ ሽሮው ቀዝቅዟል። እንደዚያው በላሁት። የሚገርመው ጣፈጠኝ። ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ የምግብ ጣዕም የሰማሁት ዛሬ ነው።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ኮሚቴው በጥያቄዬ ተሰበሰበ፤ ኢንስፔክተሯም መጣች፤ ዩምናንም ጠራኋት። ያወጣሁትን እጅ መመለስ እፈልጋለሁ አልኩ። ጋሽ ካሳሁን አንዴ የተወሰነ ደንብ እንዴት ይፈርሳል ብለው ተቆጡ። እኔ የደገፍኩት የእህቴን ልጅ ለመሸፈን ነበር አልኳቸው። አንድ ሰው ከኋላ «ሥጋዋን ሰጠች» ሲል ሰማሁት። ይበል።

ኢንስፔክተሯ አጠር አድርጋ ተናገረች። ተጠቂውን ቤት የሚዘጋ ደንብ የአጥቂውን ምኞት ነው የሚፈጽመው፤ ተጠጋግተው ይከራዩ የሚለው ደግሞ ለሚቀጥለው አጥቂ አድራሻ መስጠት ነው አለች። ጋሽ ካሳሁን ይኼኛውን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ለማሰብ ጊዜ ሲፈልጉ እንደዚያ ያደርጋሉ። ከዚያ ወደ ዩምና ዞረው ልጄ፣ አንቺስ ምን ይበጃል ትያለሽ ብለው ጠየቋት። ከስንት ስብሰባ በኋላ እሷን ሰው ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ያን ቀን ዓወል ሲጮህ አንድ በር ቢከፈት ይበቃ ነበር» አለች። «እኔ ሌላ ደንብ አላውቅም።»

ያረቀቅነው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ጩኸት የሰማ በሩን ይከፍታል፣ ብቻውን ካልደፈረ ጎረቤቱን ይጠራል። ሰው በማንነቱ ሲሰደብ የሰማ ከተሰዳቢው ጎን ይቆማል። ጥቃት የደረሰበትን ሰው ሰፈሩ ሐኪም ቤትም ፍርድ ቤትም አብሮት ይሄዳል። ማንም አከራይ በትውልድ ቦታ ቤት አይከለክልም። ስልክ ላይ የመጣ የጥላቻ ወሬ ሳይጣራ አይተላለፍም፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ ተወካይም ተስማምቷል። ፋብሪካው ሲለቀቅ በየተራ እየወጣን መንገዱ ላይ እንቆማለን። በየበሩ መብራት ይኑር ስለሚለው ጋሽ ካሳሁን ብቻቸውን ብዙ ተናገሩ፤ በየስንት ሜትሩ እንደሚተከል ጭምር። ደስ ብሏቸዋል።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ማርያማዊት ደወለች። «እትዬ፣ አደራ ብዬ የሰጠሁሽን ልጅ በእጅሽ ወስደሽ አሳሠርሽው» አለችና ዘጋችው።

ግፊት ከፍ ብሏል። ጨው አላበዛሁም።

ከሰዓት የሦስቱ ልጆች ቤተሰቦች ሽማግሌ ላኩ፤ ዓወል ክሱን እንዲተው። እኔንም አብረሽ ለምኚልን አሉኝ። አልለምንም አልኩ። ዓወል ቡና አቅርቦ፣ በአክብሮት አስተናግዶ፣ ፍርዱ በፍርድ ቤት ይለቅ፤ ዕርቁ ከዚያ በኋላ ይምጣ ኢንሻአላህ ብሎ ሸኛቸው። ስለ ሀላባ ዛሬ ምንም አላነሣም። የታሠሩት ዕቃዎች ግን እንደታሠሩ ናቸው።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

የገብርኤል ዕለት። መንገድ ላይ የመቆም ተራው የእኔና የጋሽ ካሳሁን ነበር። እሳቸው ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ከዘራ ይዘው፣ ሁለት ጋቢ ደርበው መጡ። ጦርነት የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። ሠራተኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ መጀመሪያ ፈርተው ራቁን፤ ምን ሆናችሁ ነው ብለው ጠየቁ። «ብርዱን ልንጋራችሁ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ከትግራይ የመጣች ልጅ፣ ከወላይታ የመጣ ልጅ፣ የኛው የደብረ ሲና ልጆች፣ አንድ ላይ ወረድን። ጋሽ ካሳሁን የወላይታውን ልጅ «እንደምን አመሸህ» በቋንቋችሁ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ሲሳሳቱ፣ እንደገና ሲጠይቁ እቤታችን ደረስን።

ዩምና ዛሬ ክፍል ገብታለች። ወንበሯ ላይ ደብተሯን ትታ ነው የሄደችው።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ

ገና። ለራሴ ዶሮ አሳርጄ ሠራሁ፤ ዓወል ደግሞ የራሱን ዶሮ በእግሩ ይዞ በደህና እጁ በአላህ ስም አረደ፣ ዩምና ሠራችው። ሁለት ድስት፣ አንድ ጠረጴዛ። የእሷ በርበሬው ይበዛል። ለኪዳኔ ስንቅ አደረስኩለት፤ ከስቷል፣ ግን ቀጥ ብሎ አየኝ።

ወደ አንኮበር ደወልኩ። ማርያማዊት አላነሣችም።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ፍርድ ተሰጠ። አራቱም ጥፋተኛ ተባሉ። ኪዳኔ ራሱ መጥቶ ስላመነ ቅጣቱ ቀለለ፤ ቢሆንም እስራት ነው፤ እስከ ክረምቱ መግቢያ። ዳኛዋ ሰው በቋንቋው ምክንያት ሲመታ የሚመታው አንድ ሰው ብቻ አይደለም ብለው ተናገሩ። ከሰፈራችን ከአሥር ሰው በላይ አብሮን ነበር። ዓወል ከችሎቱ ሲወጣ ኪዳኔ «ይቅርታ» አለው። ዓወል ቆመ፣ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። ይቅር ማለቱ ይሁን መስማቱን መንገሩ አልጠየቅሁትም።

ጄሶው ተነሥቷል። ሰኞ ሥራ ይገባል። ዩምና ፈተናዋን አልፋለች። ዕቃዎቹ መቼ እንደተፈቱ አላየሁም፤ ዛሬ ስገባ ግን ድስቱም ብርድ ልብሱም በየቦታው ነው።

ጥር 21፣ ረቡዕ

አስተርእዮ ማርያም። ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ጀርባዬን ፀሐይ ላይ ሰጥቼ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከእኔ በፊት ዓወል ደረሰና ከፈተ። ማርያማዊት ናት፤ ለልጇ ስንቅ ተሸክማ ከአንኮበር ወርዳ። አታውቀውም። እንግዳ መስላው ሸክሟን ተቀበላት። «ሲስተር ጓሮ ናቸው፤ ይግቡ እናቴ» አላት።

ቅንድቡ ላይ ያለውን የስፌት ጠባሳ ስታይ ገባት። ቆማ ቀረች። እሱ ስንቁን ይዞ ቀደመ፤ ደጄ ላይ አስቀምጦ ወደ ክፍሉ ገባ።

ምሳ በላን። ስለ ገብስ፣ ስለ ውርጭ፣ ስለ በግ ዋጋ አወራን፤ ስለዚያ ነገር አንዳችም። እግሯን ሳጥባት እንዲህ አለችኝ፦

«ያ ነው?»

«ያ ነው።»

ፎጣውን ከእጄ ተቀብላ፣ «ምን ብሎ በር ይከፍትልኛል?» አለች።

«ቤቱ ስለሆነ» አልኳት።